የአሞሌ መንገድና የሴቶች አንገት

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። በመከራ ላይ ሌላ መከራ ሲደረብ የምንለው ነው። ተረቱን ስንጠቅስ ግን ስለ እንቅርቱ ቆም ብሎ የሚያስብ የለም። ተረት የሚበጀው ሁሉም በየደጁ ከሚያየው ነገር ነው፤ ብርቅ የሆነ ነገር ተረት አይሆንም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለመከራ መጀመሪያ የሚሆን ምሳሌ ሲፈልጉ ከሁሉ አስቀድሞ እጃቸው የገባው እንቅርት መሆኑ፣ በሽታው ምን ያህል የቤት ልማድ እንደ ነበረ ከማናቸውም የሐኪም መዝገብ ይልቅ የሚመሰክር ይመስለኛል።

እኔ የወረታ ልጅ ነኝ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በፎገራ ሜዳ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያቀናው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ የሚገነጠለውም ከዚያው ነው። በልጅነቴ አንገታቸው ያበጠ ሴቶችን ማየት ብርቅ አልነበረም። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይሸፍኑታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አንገታቸውን ዙሪያውን በተርታ ተነቅሰዋል። ንቅሳቱ ለውበት ነው የሚሉ አሉ፤ እንቅርት እንዳይወጣ፣ የወጣውም እንዲመለስ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ መድኃኒትና ጌጥ በአንድ መርፌ ሲሠሩ በእኛ አገር የመጀመሪያው አይሆንም። በወንዶች አንገት ላይ ግን እብጠቱ እንዲህ በብዛት አይታይም ነበር። የዚህን ምክንያት ኋላ እመለስበታለሁ።

ከአንገቱ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ነገር ግን ከአንገቱ ጋር ማንም ያላያያዘው ሌላ መከራ ነበር። በየመንደሩ ጽንስ የማይጸናላት፣ ወይም ወልዳ የማታሳድግ ሴት አትጠፋም። ለዚህ አገሩ ያወጣው ስም ሾተላይ ነው። ዛሬ ሐኪሞች ቃሉን ወስደው ለእናትና ለጽንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ሰጥተውታል፤ በጥንቱ አነጋገር ግን ሾተላይ ማለት ጽንስና ጨቅላ የሚያስቀር ክፉ ነገር ሁሉ ነበር። ለእርሱ ጠበል ይጠመቁለታል፣ ክታብ ይያዝለታል፣ ስለት ይገባለታል። ልጁ ሲወለድም ስሙ በጥንቃቄ ይወጣል። ማስረሻ፣ ምትኩ፣ ካሣ፣ ተተካ የሚሉትን ስሞች አንባቢ ልብ ይሏቸዋል። እንዲህ ተብሎ የተጠራ ሰው ሁሉ ከእርሱ በፊት የሞተ ታላቅ ነበረው ማለቴ አይደለም። ማስረሻ የሚለው ስም ግን የሚያስረሳው ሐዘን ከስሙ ቀድሞ እንደ ነበረ ራሱ ይናገራል። ሐዘኑ ሲደጋገም ደግሞ ሴቲቱ «አትወልድም» ትባላለች፤ ትፈታለች፤ ባልዮው ሌላ ያገባል። ዜና መዋዕሎቻችን የዘመቻውንና የሹም ሽሩን ነገር በዝርዝር ሲነግሩን፣ ይህ በየጎጆው የተፈጸመው ሽረት አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

ነገሬን ከመቀጠሌ በፊት አንድ ጥንቃቄ ላድርግ። ፎገራ የወባ አገር ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው በየክረምቱ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው ሲሸሽ ወባ ይነሣል። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአገሪቱ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። ወባ ደግሞ ጽንስ ያስወርዳል። ስለዚህ የሾተላይን ሐዘን ሁሉ በአንድ ምክንያት ላይ መጫን አይገባም። እኔ የምከተለው ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱን ነው፤ እርሱም በጨው መንገድ የሚመጣ፣ ወይም ሳይመጣ የሚቀር ነው።

ከወረታ ወደ ሰሜን ጥቂት ተጉዞ፣ ሜዳው በሚያበቃበት በሊቦ ከምከም ይፋግ ይገኛል። ዛሬ መንገደኛ ሳያስተውለው የሚያልፈው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ ካሉት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። አጠገቡ የእስላም ነጋዴዎች ከተማ የሆነችው ደሪጣ አለች፤ በጣና ዳር ደግሞ ቆራጣ። ከጎጃም የሚወጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና፣ ያሳፍራል እንጂ፣ ባሪያም በዚህ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ያልፋል። በተቃራኒው ወደ ደቡብ የሚወርደው ዋናው ዕቃ አሞሌ ነው።

አሞሌ ከአፋር በረሃ፣ ከአሳሌ የጨው ሜዳ እየተጠረበ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ሰቆጣን የመሰሉ የጨው ገበያዎችን አልፎ በጌምድር ይገባል፤ ከዚያ ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም ይደርሳል። ጨውን በወርቅ የመለወጡ ነገር በጣም የቆየ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ነጋዴ የአክሱም ሰዎች ጨው፣ ብረትና ከብት ይዘው ወርቅ ወዳለበት አገር እንደሚወርዱ ጽፏል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፣ ከሚወጣበት ቦታ በራቀ መጠንም ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ መዝግቧል። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ቁም ነገር አላት። ፎገራ ከአሳሌ ሩቅ ነው። ጎጃም ይብሳል። አሞሌ ሲሰበርና እርጥበት ሲያገኘው የገንዘብነት ዋጋው ይወድቃል፤ ስለዚህ ባለ ቤቱ እንደ ብር ይጠብቀዋል እንጂ እንደ ወጥ ማጣፈጫ አይረጨውም። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናትና ከብቱም ድርሻውን ይፈልጋል። በድሃ ቤት ወጥ ውስጥ የምትገባው ጨው ብልቃጥ እንዳለ ሽቶ የምትቆጠብ ነበረች።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ያቺ ሴት አሞሌውን እንደ ልቧ ብትልሰው ኖሮ እንኳ አንገቷን አያድነውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ለሰው የሚያስፈልገው እጅግ በጥቂቱ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም ይበቃዋል፤ ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 70 ዓመት ለኖረ ሰው የዕድሜ ልኩ ድምር 4 ግራም ቢሆን ነው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። አዮዲን ከዓለት በዝናብ እየታጠበ ወደ ባሕር የሚሄድ ነገር በመሆኑ ተዳፋት ተራሮችና በየዓመቱ በጎርፍ የሚታጠቡ ሜዳዎች ይራቆታሉ። በአልፕስ፣ በሂማላያና በአንዲስ ተራሮች፣ በጋንጀስ ሜዳም እንቅርት የበዛው ለዚህ ነው። ጉናና ፎገራም በመልክዓ ምድር የእነዚህ ዘመዶች ናቸው። ታዲያ አዮዲኑ ባሕር ከገባ፣ ከባሕር የተገኘ ጨው እንዴት አይበቃም? ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው፣ አዮዲኑ ግን 60 ማይክሮ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ያውም ውኃው ተኖ ጨው ሲረጋ አብዛኛው አብሮ አይረጋም። የአሳሌ ጨው ደግሞ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ጥሎት የሄደው ነው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል፤ አሞሌ ግን ጣፍጦም ለዚህ ጉዳይ ድንጋይ ነበር።

በሌላው ዓለም ይህ የታወቀው አዝግሞ ነው። ኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ አዮዲንን ከባሕር አረም አመድ ያገኘው በ1811 እ.ኤ.አ. ነው። በ1820 ኳንዴ የተባለ የጄኔቫ ሐኪም ለእንቅርት መድኃኒትነት ሞከረው። ቡሲንጎ የተባለው ሌላ ፈረንሳዊ ደግሞ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ሲዘዋወር፣ የአንዳንድ ማዕድን ጨው የሚበሉ ሰዎች እንቅርት እንደማይዛቸው አስተዋለ፤ በ1833ም ጨው ውስጥ አዮዲን ይኑርበት ሲል ጻፈ። የሚሰማው አላገኘም። በ1917 አሜሪካኖቹ ማሪንና ኪምቦል ኦሃዮ ውስጥ በአክሮን ከተማ ሴት ተማሪዎችን መረጡ። አዮዲን ከወሰዱት 2,190 ልጃገረዶች እንቅርት የወጣባቸው 5 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 2,305 ግን 495 ናቸው። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። ስዊስ በ1922፣ አሜሪካ በ1924 ጨዋቸውን በአዮዲን ማከም ጀመሩ።

ለምን ልጃገረዶች ተመረጡ? እዚህ ላይ ነው ወደ ተውኩት ጥያቄ የምመለሰው። በጉሮሮ ፊት ለፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲንን ይዞ ሆርሞን ይሠራል። አዮዲን ሲያጣ፣ በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ትንሽ ዕጢ «ሥራ! ሥራ!» እያለች በሌላ ሆርሞን ትጎተጉተዋለች። ዕጢው ያለውን አሟጥጦ ለመያዝ ሲል ራሱን ያሳብጣል። እንቅርት ማለት ይኸው ነው፤ ሥራ በዝቶበት ያበጠ ሠራተኛ። ልጃገረድ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የአዮዲን ፍላጎቷ ይጨምራል፤ ስታረግዝ ደግሞ በቀን ወደ 250 ማይክሮ ግራም ይደርሳል። ጽንሱ የራሱን ዕጢ ማሠራት የሚጀምረው ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ አንጎሉ የሚሠራው በእናቱ ሆርሞን ነው። ስለዚህ ወንዱ ከባለቤቱ ጋር ከአንድ ገበታ እየበላ እርሱ ይተርፋል፤ እርሷ ግን ለሁለት ስለምትከፍል ዕዳው አንገቷ ላይ ይወጣል።

ዕዳው አንገት ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደግ ነበር። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሌሎቹ ሆርሞኖችም ሚዛናቸውን ይስታሉ። ወተት የሚያዘው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ያለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል፤ እንቁላል በጊዜው አይለቀቅም፤ የወር አበባ ይዛባል ወይም ያለ መጠን ይበዛል። ያረገዘችውም ጽንሱ ሊጨነግፋት፣ ሞቶ ሊወለድባት ይችላል። ተርፎ የተወለደው ደግሞ አንዳንዴ መስማትና መናገር የተሳነው፣ አእምሮውና ቁመቱ ያልዳበረ ይሆናል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች ከእርግዝና በፊት አዮዲን ያለበት ዘይት በመርፌ የተወጉ እናቶች እንዲህ ካለው ጉዳት ልጆቻቸው መዳናቸው በ1971 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል።

በእኛ አገር የመጀመሪያው ሰፊ ቆጠራ የተካሄደው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ያካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ከ35 ሺህ በላይ ተማሪዎችና ከ19 ሺህ በላይ የቤተሰብ አባላት አንገታቸው ተዳሰሰ። ከተማሪዎቹ 30.6 ከመቶ፣ ከቤተሰቦቹ 18.7 ከመቶ እንቅርት ተገኘባቸው። ሴቶችን ብቻ ለይቶ የተመለከተው ጥናት ግን 1997 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ቸርነት አቡዬና የማነ ብርሃነ ያሳተሙት ይህ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን 10,965 ሴቶች መርምሯል። 35.8 ከመቶው እንቅርት ነበረባቸው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰላ ከ6 ሚሊዮን ሴቶች በላይ ማለት ነው።

ለእኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የበለጠብኝ ሌላው ግኝት ነው። አጥኚዎቹ አንገት ዳስሰው ብቻ አልሄዱም፤ ስንት ጽንስ እንደ ከሸፈባቸውም ሴቶቹን ጠየቁ። እንቅርት ያለባቸው እናቶች ከሌላቸው ይልቅ ጽንስ ከሽፎባቸው ተገኘ፤ እንቅርት በበዛባቸው አካባቢዎችም ክሽፈቱ ጎልቶ ታየ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር አይደለም፤ ሩብ ያህል ነው። ሆኖም ሚሊዮኖች ሲባዙበት ሩብ የስንት ማስረሻና የስንት ምትኩ ታሪክ እንደሚሆን አንባቢ ያስላው። ሾተላይና እንቅርት በአንድ መዝገብ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኔ ያየሁት በዚህ ጥናት ነው። የእንቅርትን ምንጭ፣ የአዮዲን ጨውንም ጥቅም ከተጠያቂዎቹ ከ90 ከመቶ በላይ አያውቁም ነበር። ሐቁን ለመናገር የአማራ ክልል በዚህ ቆጠራ ከከፉት አራት ክልሎች ውስጥ አልገባም፤ እነዚያ የያኔው ደቡብ፣ ኦሮሚያ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝና ትግራይ ናቸው። ትግራይ፣ የአሞሌ ደጅ የሆነችው ትግራይ፣ መካከላቸው መገኘቷ ስለ አሞሌ ያልኩትን የሚያጠናክር ነው።

ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ አገሪቱ ከጀመረችው ወደ ኋላ ተመልሳ ነበር። ቀደም ብሎ ከአሰብ በሚመጣው ጨው ላይ አዮዲን የመጨመር ሥራ ተጀምሮ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ፊታችንን ወደ አፍዴራ ሐይቅ አዞርን። የአፍዴራ ጨው ነጭና የተትረፈረፈ ነው፤ አዮዲን ግን አልነበረውም። በጦርነት ታሪክ መጻሕፍት የሟቹና የቁስለኛው ቁጥር ይሰፍራል፤ በተዘጋ የጨው መንገድ ምክንያት በማኅፀን የቀረው ግን በማንም ወገን አልተቈጠረም። በ1997 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቂ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 20 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2003 ወደ 15 ከመቶ ወረዱ። በዚያው በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በ2008 ዓ.ም. ጥናት አዮዲን የተገኘበት ጨው ያለባቸው ቤቶች 89 ከመቶ ሆኑ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን 89ኙ ጥቂትም ቢሆን አዮዲን የታየበት ማለት እንጂ በቂ ያለው ማለት አይደለም። አዮዲን ፀሐይና እርጥበት ይጠላል። ገበያ ላይ በተዘረጋ ሸራ የሚሸጥ ጨው፣ ቆሻሻው እንዲለቅ የሚታጠብ ጨው፣ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ሲንተከተክ የሚውል ጨው ሲበላ ብዙው አዮዲን ሄዷል። ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር፣ ዕቃውም ክዳን ቢኖረው ይሻላል።

የፎገራ ገበታ ግን በዚህ መካከል ተለውጧል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግና የአምራች ማኅበር ሩዝ አስለመዱ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን የያዘው ከዚያ ነው። ዛሬ ሜዳው የሩዝ አገር ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተተከለው በወረታ ነው። እንጀራው ጤፍ ከሩዝ ዱቄት የተደባለቀበት ነው። ሩዝ ገበሬውን ከችግር አውጥቷል፤ በዚህ ላይ ክፉ አልናገርም። ግን ጤፍ በበሬ አውድማ ላይ ሲበራይ ከአፈሩ ሳይቀር ብረት ይዞ የሚገባ እህል ነው፤ ሩዝ ሲፈተግ ብረቱና ዚንኩ ከገለባው ጋር ይቀራል። ዚንክ ደግሞ ለጽንስ ዕድገት የግድ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የእርግዝና ክትትል ከሚያደርጉ ሴቶች በ377ቱ ላይ ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 57 ከመቶው የዚንክ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። የታይሮይድ ሆርሞን ሥራውን እንዲሠራ የሚረዳው ሴሌኒየምም በአገራችን እህል ውስጥ ያለው መጠን እንደ አፈሩ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል። ሩዝ ውኃ ተኝቶበት ሲበቅል አርሴኒክን፣ ውኃው ሲደርቅ ደግሞ ካድሚየምን ከአፈር የመሳብ ጠባይ አለው። የሜዳው አፈርና እህል በየጊዜው እንዲለካ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው፤ የምርምር ማዕከሉ ደጃፋችን ላይ አለ።

ስለ ጎጂዎቹ ከተነሣ ኩልን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በእስያ፣ በአረብ አገሮችና በአፍሪካ የሚሸጡ ብዙ ኩሎች ተመርምረው እርሳስ፣ ማለትም ያ ከባዱ ብረት፣ ተገኝቶባቸዋል። እርሳስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደ ካልሲየም መስሎ አጥንት ውስጥ ይደበቃል። ሴቲቱ ስታረግዝና ስታጠባ አጥንቷ ካልሲየም ለልጁ ሲለቅ፣ ለዓመታት የተደበቀው እርሳስም አብሮ ይወጣል። በሙሽርነት የተኳሉት ኩል በእናትነት የሚከፈልበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ ጨዋችን እንመለስና፣ አንድ ጨው አዮዲን ይኑረው አይኑረው በዓይን፣ በምላስም ሆነ በአፍንጫ አይለይም። የጤና ጥናት ጠያቂዎች ወደ ቤት ሲገቡ ከጨው ዕቃው ቁንጥር ጨው ይለምናሉ፤ በያዟት ትንሽ ብልቃጥ አንድ ሁለት ጠብታ ያንጠባጥቡበታል። አዮዲን ካለው ጨው ወዲያው ወይን ጠጅ ይመስላል፤ በርከት ያለ ከሆነ ይጠቁራል። ከሌለው ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል።